የሕዝብ የሐይቅ ዳርቻ ለግል ስፓ፦ የቶሮንቶው ኦንታሪዮ ፕሌስ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ፣ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር፣ ኦንታሪዮ ፕሌስ የሚባል የሕዝብ ቦታ አለ። የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት መንግሥት የዚህን ቦታ ምዕራባዊ ደሴት የስፓና የውኃ መዝናኛ ለሚገነባ ቴርም ለተባለ የአውሮፓ ኩባንያ በ95 ዓመት የሊዝ ውል ሰጥቷል። ውሉ በ2022 ተፈረመ፤ ሕዝቡ ያነበበው ግን በኦክቶበር 2024 ነው። በመካከል ስብሰባ ተካሂዷል፣ የከንቲባ ምርጫ ተደርጓል፣ ክስ ተመሥርቷል፣ አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ ከ800 በላይ ዛፎችም ተቆርጠዋል።

ይህን ጉዳይ የመረጥነው ክርክሩ ብዙ ሰው ያሳተፈ፣ ሰነዱም በአብዛኛው ይፋ የሆነ ስለሆነ ነው። የትኛው እርምጃ በየትኛው ቀን እንደተወሰደ መከተል ይቻላል። በዚህ መልኩ ስንከታተለው የምናየው ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ ሕዝቡ ስለ ሕንፃው ቁመትና መልክ መከራከር ሲጀምር ዋናዎቹ ውሳኔዎች ቀድመው አልቀው ነበር። በጽሑፉ የሰዎችን ስም አንጠቅስም፤ በያዙት ኃላፊነት ብቻ እንጠራቸዋለን። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው

ኦንታሪዮ ፕሌስ የተከፈተው በሜይ 1971 ነው። ደሴቶቹ የተፈጥሮ አይደሉም፤ ሐይቁ በአፈር ተሞልቶ የተሠሩ ናቸው። ማዕበሉን ለመከላከል ሦስት አሮጌ የጭነት መርከቦች ከዳርቻው ውጭ እንዲሰምጡ ተደርጎ እንደ ግድብ አገልግለዋል። ስፋቱ ውኃውን ጨምሮ 63 ሄክታር ያህል ነው። በውኃው ላይ በብረት ምሰሶ የቆሙ አምስት ክፍሎችና ሲኒስፊር የተባለው ክብ ሲኒማ ቤት አሉት። ሲኒስፊር በዓለም የመጀመሪያው ቋሚ የአይማክስ ሲኒማ ነው። ሕንፃዎቹና የመሬቱ ገጽታ አንድ ላይ የተነደፉ በመሆናቸው የዓለም ሐውልቶች ፈንድ የተባለው ድርጅት ቦታውን ለ2020 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

እዚህ ላይ ለኋላው ክርክር ወሳኝ የሆነ ነጥብ አለ። ቦታው ሲከፈት መግቢያ የሚከፈልበት የመዝናኛ ስፍራ ነበር፤ የሚያስተዳድረውም የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ኮርፖሬሽን ነበር። በ2012 መንግሥት ወጪውን መሸከም አልቻልኩም ብሎ አብዛኛውን ክፍል ዘጋ። ከዚያ በኋላ ሰዎች በነጻ መግባት ጀመሩ። በምዕራቡ ደሴት ላይ ይራመዱ፣ ብስክሌት ይነዱ፣ ወፍ ይመለከቱ፣ በጠጠሩ ዳርቻ ይዋኙ ነበር። በወረርሽኙ ጊዜ ደግሞ ተጠቃሚው ይበልጥ በዛ። በተግባር የሕዝብ ፓርክ ሆነ ማለት ነው። ክፍለ ግዛቱን ደሴቱን ፓርክ አድርጎ እንዲጠብቅ የሚያስገድደው ሕግ ግን አልነበረም።

በምሥራቁ በኩል የሆነው ሌላ ነው። ቀድሞ የመኪና ማቆሚያ የነበረ 3 ሄክታር ያህል መሬት በ2017 ትሪሊየም ፓርክ ሆኖ ተከፈተ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የክሬዲት ሚሲሳጋዎች በንድፉ ተሳትፈዋል። በመንግሥት ገንዘብ፣ ያለ ግል አልሚ የተሠራ ነው፤ ዛሬም ሰው ይጠቀምበታል። በኋላ «ቦታው ያለ ግል ባለሀብት አይነሣም» ሲባል ተቃዋሚዎች እጃቸውን የሚጠቁሙት ወደዚህ ፓርክ ነበር፤ ትክክልም ነበሩ።

የ2019ኙ የልማት ጥሪ

በ2018 የመጣው አዲስ መንግሥት በሜይ 2019 ዓለም አቀፍ የልማት ጥሪ አወጣ። ሦስት ገደቦች አስቀመጠ፦ ካዚኖ የለም፣ የመኖሪያ አፓርትማ የለም፣ መሬቱ አይሸጥም። እነዚህ ገደቦች ጥሩ ናቸው፤ ብዙ ሰውንም አረጋግተዋል። ሆኖም ለ95 ዓመት የሚከራይ መሬት ሦስት ትውልድ የሚያልፍበት ነው። «አይሸጥም» የሚለው ቃል ብቻውን ሕዝቡ በቦታው ላይ የሚኖረውን መብት አያስጠብቅም።

ለጥሪው 34 ማመልከቻዎች ቀረቡ። በጁላይ 2021 መንግሥት ሦስት ድርጅቶችን መረጥኩ አለ፦ ለምዕራቡ ደሴት ቴርምን፣ ለኮንሰርት መድረኩ ላይቭ ኔሽንን፣ ለጀብዱ መዝናኛ ደግሞ ሦስተኛ ድርጅት። ሦስተኛው በኋላ ከዕቅዱ ወጣ። ቴርም በሩማንያ ዋና ከተማ ቡካሬስት አቅራቢያ ትልቅ ስፓ ያለው ኩባንያ ነው።

ጥሪው ተራ የመንግሥት ግዥ ጨረታ አልነበረም። በተራ ጨረታ የመመዘኛ ነጥቦቹ ክብደት አስቀድሞ ይታወቃል። ጨረታው ክፍት ሆኖ ሳለ ከተወዳዳሪ ጋር በግል መነጋገር ይከለከላል፤ ለአንዱ የተሰጠ መልስም ለሁሉም ይሰጣል። «የልማት ጥሪ» የሚለው መንገድ ለመንግሥት ሰፊ ነጻነት ይሰጠዋል። ሐሳብ ለማሰባሰብ ይጠቅማል። ነገር ግን ሐሳብ ከተሰበሰበ በኋላ በዚያው መንገድ ወደ ውል ሲታለፍ የጨረታ ጥበቃዎች ሳይኖሩ መሬት ይተላለፋል። የዚህ ጉዳይ የመጀመሪያው ስንጥቅ ይህ ነው። በ2019 ይህን ጥያቄ ያነሱ ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ የሚታይ ሕንፃ ስላልነበረ የሚቆጣም አልነበረም።

ክርክሩ ምን ላይ ነበር

የመንግሥት ክርክር በአግባቡ መቀመጥ አለበት። ቦታው ከ2012 ጀምሮ እየፈረሰ ነው፤ ድልድዮቹ፣ የውኃና የመብራት መስመሮቹ፣ የዳርቻው ግንብ አርጅተዋል፤ ጎርፍም ይመጣል። ግል አልሚ የራሱን ሕንፃ በራሱ ገንዘብ ይሠራል፣ ኪራይ ይከፍላል፣ በዙሪያው ነጻ መናፈሻና የመዋኛ ዳርቻ ይኖራል፣ በዓመትም እስከ 6 ሚሊዮን ጎብኚ ይመጣል ተባለ። የዳርቻው ግንብ ማርጀቱ እውነት ነው፤ ማንም ቢያለማው ገንዘብ ይፈልጋል።

ተቃዋሚዎቹ የመናፈሻ ተጠቃሚዎች፣ የአካባቢ ነዋሪዎች፣ የመሬት ገጽታ ነዳፊዎች፣ የቅርስ ባለሙያዎችና ዋናተኞች ነበሩ። ኦንታሪዮ ፕሌስ ለሁሉም በሚል ስም ተደራጁ። ያነሷቸው ጉዳዮች ብዙ ናቸው። የመስታወት ሕንፃው ለደሴቱ ከመጠን በላይ ግዙፍ ነው። ሐምሳ ዓመት የሞላቸው ዛፎች ይቆረጣሉ። ስፓ ክፍያ የሚችል ሰው ብቻ የሚገባበት ነው። ለመኪና ማቆሚያ የሚወጣው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ሂደቱም የተዘጋ ነው።

በኖቬምበር 2022 የልማት ማመልከቻው ለከተማው አስተዳደር ሲቀርብ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝርዝር ንድፍ አየ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ጉልበት በንድፉ ላይ ፈሰሰ፦ ቁመቱ ይቀነስ፣ መናፈሻው ይስፋ፣ ዳርቻው ክፍት ይሁን። ውጤትም ተገኘ። በ2023 የተሻሻለ ንድፍ ቀረበ፤ ሕንፃው አነሰ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነው አረንጓዴ ቦታ ጨመረ። ይህ ትንሽ ድል አይደለም። ግን ውሉ ከአንድ ዓመት በፊት ተፈርሟል። የተሰበሰበው ሕዝብ ሊለውጥ የሚችለው በውሉ ወሰን ውስጥ ያለውን ብቻ ነበር፤ ወሰኑ የት እንደሆነ ደግሞ አያውቅም፣ ውሉን አላየማ።

የሳይንስ ማዕከሉ መጨመር

በኤፕሪል 2023 መንግሥት ሌላ ነገር አከለ። ከ1969 ጀምሮ በሌላ ሰፈር ያለው የኦንታሪዮ ሳይንስ ማዕከል ወደ ኦንታሪዮ ፕሌስ ይዛወራል አለ። አዲሱ ሕንፃ ከነባሩ ግማሽ ያህል ስፋት ብቻ ነው የሚኖረው። ነባሩ ማዕከል ብዙ ስደተኛ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ሰፈር አጠገብ ስለነበር ጉዳዩ የሐይቅ ዳርቻ ብቻ መሆኑ ቀረ። በጁን 2024 መንግሥት የመሐንዲሶች ሪፖርት በጣሪያው ሰሌዳዎች ላይ ያገኘውን ጉድለት ጠቅሶ ማዕከሉን በአንድ ቀን ዘጋ። ሪፖርቱ አደገኛ የሆኑት ሰሌዳዎች ከክረምቱ በረዶ በፊት እንዲጠገኑ ነበር የጠየቀው።

ይህ ጭማሪ በክርክሩ ላይ ሁለት ውጤት ነበረው። ተቃዋሚው በዛ፤ የሰፈሩ ሰዎችና የሕንፃ ቅርስ ወዳጆች ገቡ። በሌላ በኩል ወጪው ተቀላቀለ። የመኪና ማቆሚያው ለስፓው ነው ወይስ ለሳይንስ ማዕከሉ? የአፈርና የመስመር ሥራው የማን ድርሻ ነው? ሁለት ፕሮጀክት በአንድ ቦታ ሲደረብ አንዱ የሌላውን ወጪ ይሸፍናል፤ ሕዝቡም የእያንዳንዱን ዋጋ መለየት ያቅተዋል።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው እንዴት ታለፈ

ይህን ክፍል ቀስ ብሎ ማንበብ ይጠቅማል፤ በብዙ አገር የሚደገም ዘዴ ነውና።

በኦንታሪዮ ሕግ የመንግሥት ፕሮጀክት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይደረግለታል፤ የግል ፕሮጀክት ግን በተለመደው አሠራር አይገደድም። ክፍለ ግዛቱ ግምገማውን አደረገ፤ ግን ለራሱ ድርሻ ብቻ ማለትም ለሕዝብ መናፈሻው፣ ለመንገዱና ለመስመሩ። ስፓው የሚቆምበት የምዕራቡ ደሴት የተከራዩ ነው ተብሎ ከግምገማው ውጭ ሆነ። በዚህ መንገድ ትልቁ ሕንፃ፣ ብዙው የዛፍ ቆረጣና የዳርቻው ሙሌት ያለበት ክፍል ሳይገመገም ቀረ። መሬቱ የመንግሥት ነው፣ መሬቱን የሚያዘጋጀው መንግሥት ነው፣ ገምጋሚው ግን መሥመር አስምሮ ያንን ክፍል አላየሁም አለ።

ተቃዋሚዎቹ በኖቬምበር 2023 ይህን ነጥብ ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። ክርክራቸው ግልጽ ነበር፦ ፕሮጀክቱ አንድ ነው፣ ሊከፈል አይገባም። እኛ እስከምናየው ድረስ በጉዳዩ ሁሉ የቀረበው ጠንካራው ሕጋዊ ነጥብ ይህ ነው። በዚያው ወር በሆነው ነገር ግን ነጥቡ ሳይሰማ ትርጉሙን አጣ።

ከተማው የነበረው መደራደሪያና የተለወጠበት ዋጋ

ኦንታሪዮ ፕሌስ የክፍለ ግዛቱ ቢሆንም በውስጡ የቶሮንቶ ከተማ የሆኑ የመሬትና የውኃ ቁራሾች ነበሩ። እነዚህ ሳይተላለፉ ፕሮጀክቱን እንደታሰበው መሥራት አይቻልም። በጁን 2023 የተመረጡት ከንቲባ ስፓውን በመቃወም ነው የተወዳደሩት። ስለዚህ ብዙ ነዋሪ ከተማው መሬቷን አትሰጥም ብሎ ተስፋ አደረገ።

ከተማዋ ግን ከባድ የበጀት ጉድለት ነበረባት። በኖቬምበር 27 ቀን 2023 ከክፍለ ግዛቱ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ክፍለ ግዛቱ ሁለት ትልልቅ የከተማ አውራ ጎዳናዎችን ተረከበ፤ ይህም ለከተማዋ እስከ 7.6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር የሚደርስ የካፒታል ወጪ ያቀልላታል ተባለ። በሦስት ዓመት እስከ 1.2 ቢሊዮን ዶላር የሥራ ማስኬጃ ድጋፍም ቃል ተገባላት። በምላሹ ከተማዋ በኦንታሪዮ ፕሌስ ላይ የክፍለ ግዛቱን ሥልጣን ተቀበለች።

ስምምነቱን በደፈናው ክህደት ማለት ፍትሐዊ አይደለም። ክፍለ ግዛቱ ከፈለገ በሕግ መሬቱን መውሰድ ይችል ነበር፤ ከተማዋ ደግሞ ለአውቶቡስና ለመጠለያ ገንዘብ ያስፈልጋታል። ችግሩ ሌላ ነው። የፓርኩ ቁራሽ ያለው ዋጋ ምን እንደሆነ፣ በምንስ እንደሚለወጥ በአደባባይ አልተመከረም። ነዋሪው ስለ ፓርኩ ሲከራከር ከርሞ ጉዳዩ በአውራ ጎዳና ሒሳብ ውስጥ ተዘጋ።

ሕጉና ፍርድ ቤቱ

ስምምነቱ በተፈረመበት ቀን ረቂቅ ሕግ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ቀረበ፤ በዲሴምበር 6 ቀን 2023 ጸደቀ። በውስጡ ያለው የኦንታሪዮ ፕሌስ ዳግም ግንባታ ሕግ ቦታውን ከአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሕጉ፣ ከቅርስ ሕጉ ግዴታዎችና ከከተማው የድምፅ ደንብ ነጻ አደረገ። ከዚህም አልፎ መንግሥትን በዚህ ጉዳይ መክሰስን በሰፊው ከለከለ። የተከለከሉት የክስ ምክንያቶች በክፉ ልቦና መሥራትን፣ ሥልጣንን አላግባብ መጠቀምን፣ የአደራ ግዴታ መጣስን ሁሉ ያካትታሉ። ከአስር ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ የግምገማው ክስ መሠረቱን አጣ።

ሌላ የነዋሪዎች ቡድን ሕጉ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ከሰሰ። አንዱ ክርክር ፍርድ ቤት የመንግሥትን ተግባር የመመርመር ሥልጣኑ በሕግ ሊነጠቅ አይችልም የሚል ነው፤ ሌላው መንግሥት የሕዝብን መሬት በአደራ የያዘ ነው የሚል ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በ2024 አቤቱታውን ውድቅ አደረገ፤ የክፍለ ግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም አጸናው። ያ ሁሉ ሲሆን መሬት ላይ ያለው ሥራ አልቆመም።

ዛፎቹና ውሉ

በኦክቶበር 2024 መጀመሪያ ላይ፣ ሌሊት፣ በምዕራቡ ደሴት ከ800 በላይ ዛፎች ተቆረጡ። በማግስቱ፣ ኦክቶበር 3፣ መንግሥት የሊዝ ውሉን ይፋ አደረገ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የማይመለሰው ድርጊት፣ ቀጥሎ ሰነዱ። ሐምሳ ዓመት የበቀለን ዛፍ የሚመልስ ፍርድ የለም። ይህን ስንጽፍ ዛሬም ያሳዝነናል።

ውሉ ሲነበብ ሦስት ነገር ጎልቶ ወጣ። አንደኛ ዘመኑ፦ 75 ዓመትና ሊጨመር የሚችል 20 ዓመት። ሁለተኛ የመንግሥት ግዴታ፦ ክፍለ ግዛቱ ቦታውን አዘጋጅቶ ከማስረከብ በተጨማሪ ለስፓው 1,600 የመኪና ማቆሚያ ቦታ ማቅረብ አለበት። ሦስተኛ፣ እነዚህ ግዴታዎች የተገቡት የማቆሚያው ቦታና ዋጋ ሳይታወቅ መሆኑ ነው። በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ብትመስልም ከፍተኛ ወጪ ያስከተለችው ይቺ የመኪና ማቆሚያ ግዴታ ናት። በሐይቅ ዳር በሙሌት አፈር ላይ ከመሬት በታች ማቆሚያ መሥራት ውኃ መከላከልን፣ ውኃ መምጠጥንና የተበከለ አፈር ማስወገድን ይጠይቃል። ከመሬት በላይ ከሆነ ደግሞ የሐይቁን እይታ ይዘጋል። ማቆሚያው የት ይሁን የሚለው ጥያቄ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ሲንከራተት የቆየው ለዚህ ነው።

ኦዲቱ ያወጣው

በዲሴምበር 2024 የኦንታሪዮ ዋና ኦዲተር ሪፖርት ወጣ። የ2019ኙ የልማት ጥሪ ሂደት ፍትሐዊ፣ ግልጽና ተጠያቂነት ያለው አልነበረም ሲል ደመደመ። ጥሪው ክፍት ሆኖ ሳለ ከአንዳንድ አመልካቾች ጋር የተለየ ግንኙነት ነበር፤ ማመልከቻዎቹም ወጥ በሆነ መንገድ አልተመዘኑም። የሕዝብ ወጪው በ2019 ከ335 እስከ 424 ሚሊዮን ዶላር ይገመት ነበር፤ በ2024 ወደ 2.237 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። በዚህ ውስጥ የሳይንስ ማዕከሉ፣ የመኪና ማቆሚያውና የቦታ ዝግጅቱ አሉበት።

ሪፖርቱ ተቃዋሚዎቹ ሲሉት የነበረውን በቁጥር አረጋገጠ። የመጣው ግን ውሉ ከተፈረመ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ዛፎቹም ከተቆረጡ በኋላ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው የመጀመሪያው ነገር ጽናት ነው። ቦታው ላይ የእግር ጉዞ ማዘጋጀት፣ ለጋዜጠኛ የተጣራ ሰነድ መስጠት፣ የመረጃ ጥያቄ ማቅረብ፣ የምክር ቤት ስብሰባ ላይ መገኘት። ቦታውን አይተው የማያውቁ ነዋሪዎች በእግር ጉዞው ምክንያት ደሴቱን አወቁት። ንድፉ የተሻሻለውም በዚህ ጫና ነው። የመሬት ገጽታና የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች በነጻ ያቀረቡት ትንተናም ክርክሩን ከስሜት ወደ ልኬት አምጥቶታል።

ያልሠራው በንድፍ ላይ ብቻ ማተኮር ነው። ንድፍ ይስባል፤ ሥዕል አለው፣ ማንም አስተያየት ሊሰጥበት ይችላል። የሊዝ አንቀጽ ግን አይስብም። በ2019 እና በ2022 መካከል፣ ጥሪው ሲመዘንና ውሉ ሲረቀቅ፣ የሕዝብ ጫናው ደካማ ነበር።

ሁለተኛው ያልሠራ ነገር በአንድ ተመራጭ ላይ መደገፍ ነው። ከንቲባ ከክፍለ ግዛት ጋር ሲደራደር መቶ ጉዳይ ይዞ ነው የሚገባው። ሦስተኛው የአማራጭ ዕቅድ ችግር ነው። አማራጮች ቀርበዋል፤ ግን መንግሥት «ማን ይከፍላል?» ሲል ከግንብ ጥገና እስከ ዓመታዊ ጥበቃ ድረስ ተደምሮ የቀረበ አንድ የታወቀ ሒሳብ አልነበረም። ትሪሊየም ፓርክ ጥሩ ምሳሌ ነበር፤ ምሳሌ ግን በጀት አይሆንም።

ለንጽጽር፦ ቺካጎ

በአሜሪካ ቺካጎ በ2014 አንድ የፊልም ባለጸጋ በሚቺጋን ሐይቅ ዳር፣ በስታዲየም አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ላይ ሙዚየም ልሥራ አለ። ከንቲባው ደገፉት። የፓርክ ተቆርቋሪዎች ማኅበር ግን ከሰሰ። ክሱ የቆመው መሬቱ ቀድሞ ሐይቅ የነበረ ሙሌት ስለሆነ መንግሥት ለሕዝብ በአደራ የያዘው ነው በሚል ላይ ነው። ይህ መርሕ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1892 ስለዚያው የቺካጎ ዳርቻ በተሰጠ ፍርድ የተመሠረተ ነው። በፌብሩዋሪ 2016 ዳኛው ክሱ ይቀጥላል አሉ፤ በጁን 2016 ባለሀብቱ ዕቅዱን ትቶ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ።

ኦንታሪዮ ፕሌስም ሙሌት ነው። በካናዳ ግን የአደራው መርሕ ያን ያህል ጥርስ የለውም፤ ምክር ቤቱም በአንድ ሕግ ሊያልፈው ቻለ። ቺካጎ ላይ በመጨረሻ ፍርድ አልተሰጠም፤ ባለሀብቱ የሄደው ክሱ ጊዜ ስለበላበት ነው። ተቃዋሚ ሊኖረው የሚገባው ትልቁ ነገር ድርጊቱን በጊዜ የሚያስቆም መሣሪያ ነው። ቶሮንቶ ላይ ያ መሣሪያ አልነበረም።

ለሌላ ቦታ የሚሻገር

ቦታው በምን ሕግ ፓርክ እንደሆነ መጀመሪያ ይጣራ። ባለቤቱ ማነው? የተመዘገበው እንደ ምን ነው? ባለሥልጣን በደብዳቤ ሊለውጠው ይችላል ወይስ ምክር ቤት ያስፈልጋል? ሰው ሃያ ዓመት ሲዋኝበት ቢኖር፣ በወረቀት ላይ የኮርፖሬሽን ንብረት ከሆነ የኮርፖሬሽን ንብረት ነው። ይህ ጥያቄ አልሚ ከመምጣቱ በፊት፣ ጸጥ ባለው ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነው።

ጥሪ ሲወጣ የሚጠየቀው የጥሪው ሰነድ ነው። የመመዘኛ ነጥቦቹ ክብደት፣ በጥሪው ጊዜ ከአመልካች ጋር ማን ሊነጋገር እንደሚችል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ እንደሆነ፣ ከሐሳብ ማሰባሰብ ወደ ውል የሚታለፈው በየትኛው ሕግ እንደሆነ። መልሱ «መንግሥት እንደፈለገ» ከሆነ ያኔ ነው መጮህ።

ውል ከመፈረሙ በፊት ይታይ ማለት የንግድ ምሥጢር ይውጣ ማለት አይደለም። የተወሰኑ ቁጥሮች ተሸፍነው ሌላው ሊወጣ ይችላል። መውጣት ያለባቸው፦ ዘመኑና የማራዘሚያ መብቱ፣ የኪራዩ ስሌት፣ የመንግሥት ግዴታዎች ከነጊዜ ገደባቸው፣ መንግሥት ቢዘገይ የሚከፍለው ቅጣት፣ ኩባንያው ቢከስር ወይም ውሉን ለሌላ ቢያስተላልፍ የሚሆነው፣ እንዲሁም ውሉ የሚቋረጥበት መንገድ። የኢትዮጵያ አንባቢ ሊዝ አዲስ ነገር አይደለምና ልኬቱን ያውቀዋል፤ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 (ይህ ዓመት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በአዲስ አበባ ለንግድ የሚሰጥ መሬት የሊዝ ዘመን ጣሪያው 60 ዓመት ነበር። ከዚህ አንጻር 95 ዓመት ምን ያህል እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ግምገማ በባለቤት አይከፈል። አንዱ ሥራ ያለ ሌላው የማይሠራ ከሆነ ፕሮጀክቱ አንድ ነው፤ ይህ መስፈርት በመነሻ ሰነዱ ላይ ይጻፍ። ክስ ካስፈለገም ክፍፍሉ በታየበት ቀን ይመሥረት። በቶሮንቶ ክሱ የቀረበው ሕጉ ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት ነው።

የሕዝብ ወጪ በአንድ ሠንጠረዥ ይሁን። በአንድ በኩል ከሕዝብ የሚወጣው፦ አፈር፣ ግንብ፣ መስመር፣ ማቆሚያ፣ መንገድ፣ ጥበቃ። በሌላው የሚገባው፦ ኪራይና የጥገና መዋጮ በዛሬ ዋጋ ተሰልቶ። የ95 ዓመት ኪራይን ደምሮ አንድ ትልቅ ቁጥር መናገር ያሳስታል፤ ከሰማንያ ዓመት በኋላ የሚከፈል ዶላር ዛሬ ያለው ዋጋ ጥቂት ነው። ሠንጠረዡ በየስድስት ወሩ ይታደስ፤ አዲስ ሥራ ሲጨመር ለብቻው መስመር ይያዝ። በተለይ ማቆሚያ። ለማቆሚያ ቃል የገባ መንግሥት ቦታውንና ዋጋውን ሳያውቅ መፈረም የለበትም።

ከተማ ወይም ወረዳ በቦታው ውስጥ ቁራሽ ካለው፣ ያቺ ቁራሽ ምን ሲገኝ ብቻ እንደምትለወጥ ምክር ቤቱ አስቀድሞ በውሳኔ ይጻፍ። ቢያንስ ለድርድር የማይቀርቡት ይለዩ፦ የዳርቻው መተላለፊያ ስፋት፣ ነጻ መግቢያ፣ የሚቆዩት ዛፎች ቁጥርና ቦታ። ከዚያ ድርድሩ ስለ አውራ ጎዳና ቢሆንም ፓርኩ በጠረጴዛው ላይ ስሙ ተጽፎ ይቀመጣል።

የማይመለሱ ድርጊቶች ደግሞ በተራቸው ይታሰሩ። ዛፍ መቁረጥ፣ ማፍረስና ሙሌት ውሉ ታትሞ ቢያንስ 90 ቀን ሳይሞላ፣ የተጀመረ ክስ ካለም የመጀመሪያ ውሳኔ ሳይሰጥ እንዳይጀመሩ በውሉ ውስጥ አንቀጽ ይግባ። የ90 ቀኑ ልክ የእኛ ሐሳብ ነው፤ አንድ የማኅበረሰብ ቡድን ሰነድ አንብቦ፣ ባለሙያ አማክሮ፣ ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈልገውን ጊዜ አስበን ያስቀመጥነው ነው። አልሚው ይህን አንቀጽ ከተቃወመ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠየቅ፤ መልሱም ከውሉ ጋር ይታተም።